ለጋሚው የቆጠረው ቀን

በዱላ የተመታ ሰው ቁስሉ ይሽርለታል፤ በቃል የተመታ ግን ቁስሉን አዝሎ ይዞራል። ይግዛውን የመታችው ቃል አንዲት ናት፦ ለጋሚ።

ለጋሚ የሚባለው ትልም መሐል ድንገት የሚተኛ በሬ ነው። ቢገርፉት አይነሣ፣ ቢለማመጡት አይነሣ። ይህችን ቃል የሰጠው ባዕድ ሰው ቢሆን ደግ ነበር። የሰጡት ግን የሚስቱ አባት ጋሼ አሻግሬ ናቸው። ጋሼ አሻግሬ ሳንቃ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የስሜን ፓርክ ጠባቂ ስካውት ሆነው ጠመንጃ ተሸክመው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ካፖርቱን ያላወለቁ፣ ጎናቸው ያለውን ሰው ሲያናግሩ እንኳ ከገደል ማዶ የሚጣሩ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በእሳቸው የገብስ ደቦ ላይ አጫጁ ሁሉ ተሰልፎ ሲወርድ ይግዛው ከመሐል ሰልፉን አፍርሶ ቁጭ አለ። እሳቸው ከዳር ቆመው አዩትና፣

«ልጄን ለካ ለለጋሚ ነው የዳርኋት» አሉ።

ሠላሳ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ከደባርቅ እስከ ዳባት ሳይሰማ አልቀረም ብሎ ነው ይግዛው የሚያስበው። ለምን ተቀመጥህ ብሎ የጠየቀው ሰው ግን ከሠላሳው አንድ አልነበረም። እሱም አልተናገረም። ቃሏን ዋጣት፤ እንደ አጥንት ስባሪ ጉሮሮው ላይ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ እያየችው ተቀምጦ አያውቅም። እህል የሚቀምሰው ቆሞ ነው። በቅሎ የመንዳት ተራው ሲደርስ ደባርቅ ወጥቶ የቱሪስት ጓዝ ይጭናል፤ ሌላው በቅሎ ነጂ ደርሶ ሲመለስ እግሩን ይታጠባል፣ እሱ በቅሎዋን አስሮ መጥረቢያ ያነሣል። ቤቱ ውስጥም ያው ነው። ያልተሰነጠቀ ግድግዳ ይመርጋል፣ ያልላላ አልጋ ያጠብቃል፣ ሚስቱ የጠረገችውን ደጅ ደግሞ ይጠርጋል። እንዲህ ሆኖም ሥራው አንድ ቀን እንኳ አላለቀለት። አንዱን ሲጨርስ ሁለት ይወለዳል። ጎኑን ያሳረፈ እንደሆነ ያልሠራው ሁሉ እየተነሣ መጥቶ ደረቱ ላይ ይቆማል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል፤ ሰው እንዳያይበት ሁልጊዜ ዕቃ ያስጨብጠዋል።

ሚስቱ ስጦታ በአባቷና በባሏ መሐል በሁለት ድንጋይ መካከል እንዳለ እህል ናት። የወሩን በዓል የምትቆጥርለት እሷ ነበረች። በዚያ አገር በዓል ሽሮ እርሻ የገባ ሰው መዘዙ ለራሱ ብቻ አይደለም። በረዶ ይጠራል፣ በረዶ ደግሞ የማንን ገብስ እንደሚመታ አይመርጥም። ስለዚህ በዓል የሻረን ሰው አገሩ ከእሳት ከውሃ ይለየዋል። ፍም የሚያበድረው፣ ምንጭ የሚያስቀዳው፣ ሲሞት የሚቀብረው ያጣል። ይግዛው ይህን ያውቃል፤ አጥብቆም ይፈራል። ችግሩ በዓል ሰውን ቤት ማስቀመጡ ነው። ቤት የተቀመጠ ደግሞ ይታያል።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ስጦታ እንደ ልማዷ፣ «ነገ ማጭድህን አሳርፈው» ብትለው ደሙ ፈላ።

«አንቺም ያው የአባትሽ ልጅ ነሽ» አላት። «የምትቆጥሪው እኔን የምታስቀምጭበትን ቀን ብቻ ነው።»

ስጦታ የያዘችውን ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ ቀን ከአፌ አይወጣም» አለች። እንደ ቃሏም አልወጣም።

ይግዛው በስልኩ መቁጠር ጀመረ። ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን ነው፤ አምና ደባርቅ ላይ የሸጠለት ነጋዴ ግን፣ «ኅዳር ላይ ዘጠኝ ቀንስለት፣ የኛው ይመጣልሃል» ብሎታል። አምና ሞክሮት ልክ ነበር። ስለዚህ ስልኩ ሃያ ስምንት ባለ ቀን ዘጠኝ ቀነሰና ገብርኤል ነው አለ። እርሻ አልወጣም። ከበረቱ ኋላ ቆሞ የጭነት ጠፍር ሲጠግን ዋለ።

ሲጠግን ቀና ቢል አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ድረስ የሚባለው ጎረቤቱ ያጭዳል። ማዶ ጋራው ላይ ደግሞ ያ ካፖርት ከገብሱ መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል። ይግዛው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደስ አለው። በገብርኤል ቀን! ጋሼ አሻግሬ! የእያንዳንዱን ስም በልቡ መዘገበና አንድ ቀን ለደብሩ ቄስ ለአባ ቴዎፍሎስ ሲነግር የሚሆነውን እያሰበ ጠፍሩን አጥብቆ ሰፋ። ስጦታ በበሩ ስንጥቅ አየችው። ለምን እንደቀረ ያልገባት ነገር ነው፤ ቢሆንም ደከመው፣ በስንት ጊዜው አረፈልኝ ብላ፣ ብጠይቀው ብድግ ይላል ብላ ፈርታ፣ እግሯን እንኳ ሳታሰማ ዋለች።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ፣ ስጦታ ሳትነቃ፣ ማጭዱን ይዞ ወረደ። የወረደው ሸጡ ውስጥ ወዳለችው ማሳ ነው፤ ከመንደሩ የማትታይ፣ ግራና ቀኟ ገደል የሆነች ጠባብ የገብስ ማሳ ናት። ትናንት የባከነችውን ቀን ለመካስ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ፀሐይ ሸጡ ውስጥ ስትገባ ግማሹን ጥሎት ነበር።

ያኔ ነው አንድ ነገር እንደጎደለ ጆሮው የነገረው።

ቀና አለ። የማዶ አጫጆች ዜማ የለም። በሬ የሚጣራ የለም። መጥረቢያ የሚያሰማ የለም። በኅዳር ወር፣ ገብስ በደረሰበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ከወፍ እየተሽቀዳደመ በሚያጭድበት ጊዜ አገሩ እንደ ሬሳ ቤት ጭጭ ብሏል። ማጭዱን አስቀምጦ በደረቱ እየተሳበ ገደሉን ወጣና ከቋጥኝ ኋላ ሆኖ አጮለቀ። ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች እንሥራ አዝለው ወደ ድረስ ቤት ይሄዳሉ። ኋላቸው አባ ቴዎፍሎስ መስቀላቸውን ይዘው ይከተላሉ። ድረስ ደግሞ በየወሩ የሚያወጣው ጽዋ አንድ ነው፤ የገብርኤል።

ይግዛው እዚያው እንዳለ በጣቱ ቆጠረ። አንዴ ቆጠረ፣ ሁለቴ ቆጠረ። ስልኩን አወጣ፤ ሃያ ዘጠኝ ይላል። ዘጠኝ ቢቀንስ ሃያ ነው። እንዴት ይሆናል ብሎ ወደ ኋላ፣ እስከ ዘመን መለወጫ ተመለሰ። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበረ። ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋታል። ስድስተኛዋን ቀን ራሱ ያስታውሳታል። ሰው ሁሉ ለበዓሉ ሲሰናዳ እሱ፣ «የተረፈች ቀን አገኘሁ» ብሎ እስከ ማታ እንጨት ሲፈልጥባት ውሏል። ያቺው የተረፈች ቀን ናት አሁን ዞራ መጥታ አንገቱን የያዘችው። ዘንድሮ መቀነስ የነበረበት ዘጠኝ ሳይሆን አሥር ነው። ስልክ የት አባቱ ሉቃስን ያውቃል።

ትናንት ሰው በዓል አልሻረም። የሻረው እሱ ነው፣ ዛሬ፣ አሁን።

ወደ ማሳው ተንሸራትቶ ወረደ። የታጨደው ገብስ በረድፍ ተኝቶ እንደ ምስክር ያየዋል። ይህን ሲያስቡት ያሳፍራል፣ ግን አደረገው፤ ከታጨደው አንድ አንድ እፍኝ እያነሣ አፈር ውስጥ መልሶ ይተክል ጀመር። አንዱን ሲያቆም አንዱ ይወድቃል። ምናልባት ሃያ እፍኝ ያህል አቁሞ ሲያበቃ ማሳዋ ላይ ጥላ ወረደባት።

ደመናው የመጣው ከስሜን ጫፍ ነው። ሆዱ ጥቁር፣ ዳሩ ነጭ፣ ያለ ወቅቱ የመጣ። ነፋስ አልነበረም። ወፎቹ ዝም ብለዋል። ይግዛው ደመናውን ቀና ብሎ ማየት ፈራ፤ ያየኛል ብሎ። ቤቱ እንዳይሄድ መንገዱ በድረስ ደጅ ነው፣ ማጭድ ይዞ በዚያ ማለፍ አይሆንም። እንዳይሠራ እጁ ታስሯል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን፣ ሳይወድ በግድ ቁጭ አለ። ጭንቅላቱን በጉልበቱ መሐል ቀብሮ፣ «እኔን ምታኝ፣ የሰው አትንካ» እያለ ለመነ።

በረዶው እሱን አልመታውም። ጥቂት ፍሬ ጋቢው ላይ አንጥቦ ሸጡን ዘለለና ማዶ ጋራው ላይ ወረደ። ድምፁ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደሚደፋ ነው። ይግዛው ተነሥቶ አየ። የነጣው ማሳ የጋሼ አሻግሬ ነው።

ከአፉ አንዲት ቃል ወጣች። «እሰይ።»

አፉን በእጁ ከደነ። ከደመናው ይልቅ ያቺ ቃል አስፈራችው። ከየት እንደመጣች፣ ስንት ዓመት ውስጡ ተኝታ እንደነበር አያውቅም። አሁን በዓል መሻሩ ብቻ አይደለም፤ በሰው ጥፋት ደስ ብሎታል። እያወቀ በረዶ ከጠራ ሰው በምን ተለየ?

የጽዋው ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ከመምሸቱ በፊት፣ እየተደበቀ ቤቱ ገባ። ስጦታ ሽሮዋን እያማሰለች ነበር። ጋቢው ላይ የተሰካካውን የገብስ ጭገር አየች፣ ፊቱን አየች፣ ማማሰያው እጇ ላይ ቀረ። እሱ «የቆጠርኩት በዚህ ነው» ብሎ ስልኩን አውጥቶ መደቡ ላይ አኖረ። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ትናንት እኮ አረፈልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩ» አለች። «ብናገር ትነሣብኛለህ ብዬ።»

ቀጥሎ የሰማችውን ነገረችው። የአባቷ ማሳ ከሲሶው በላይ ወድሟል። ነገ ጠዋት አገሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሰበሰባል፤ በዓል የሻረው ካልወጣ አባ ቴዎፍሎስ ሊገዝቱ ነው። ይግዛው ዝም ቢል ግዝቱ ልጅ ልጅ ድረስ ይከተላል። ቢናገር ከእሳት ከውሃ ይለያል፤ እሱ ብቻ ሳይሆን ስጦታም፣ ምንም ያላደረገችው፣ ከገዛ አባቷ እሳት።

ጠዋት ሰው በቅጥሩ ጥግ ጥጉን ተቀመጠ። ይግዛው ከዋንዛው ሥር ቆመ። ጋሼ አሻግሬ ካፖርታቸውን ደርበው ማንንም ሳያዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንደዚያ ዝም ብለው ታይተው አያውቁም። አባ ቴዎፍሎስ መስቀሉን ከፍ ከማድረጋቸው በፊት፣ ሳይገዘት የሚወጣ ይውጣ ብለው ጠየቁ። ማንም አልወጣም። ያኔ ድረስ ብድግ ብሎ ገዱን ጠቆመ። ገዱ መሬት የሌለው፣ በየሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያድር ሰው ነው። ትናንት ጠዋት ገመድ ይዞ ሲሄድ ታይቷል ተባለ። ሌላውም ተቀበለ፤ አዎ፣ ታይቷል፤ ዱሮም እሱ በዓል አያውቅም። ገዱ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። የጠፋች ጥጃ ሲፈልግ እንደነበር ኋላ ተሰምቷል። ያን ጊዜ ግን ገመዱን ለምን እንደያዘ የጠየቀው የለም።

ይግዛው ያንን ፊት ያውቀዋል። ሦስት ዓመት ተሸክሞታል። ሰው ለመሳቅና ለመፍረድ እንጂ ለመጠየቅ እንደማይቸኩል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዋንዛው ሥር ወጥቶ ወደ መሐል ገባ።

«ገዱን ተዉት» አለ። «እኔ ነኝ።»

ሸጡን፣ ማጭዱን፣ ስልኩን፣ ዘጠኙን፣ ጳጉሜን ስድስትን እየተንተባተበ ተናገረ። የተከለውን ገብስ ሳይቀር ተናገረ። ስልኩ ሉቃስን ባለማወቁ ላይ ሲደርስ ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። ያ የጥንቱ ሳቅ ነው። የይግዛው አንገት ትከሻው ውስጥ ገባ፣ ሆኖም አልሸሸም። አባ ቴዎፍሎስ አልሳቁም። ድረስ ግን ከእሳት ከውሃ ይለይ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ጋሼ አሻግሬ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። የተጎዳው ማሳ የእሳቸው ስለሆነ ሁሉም ዝም አለላቸው።

ስለ በረዶው አልጠየቁም። «ያን ጊዜ» አሉ፣ እንደ ሁልጊዜው ሳይጮኹ፣ «በእኔ ደቦ ላይ። ለምን ነበር የተቀመጥህ?»

«ወባ ነበረብኝ ጋሼ። ከመተማ ይዤው የመጣሁት። ዓይኔ ጨልሞ ነው።»

«ምነው ታዲያ አልተናገርህ?»

«አልጠየቁኝማ።»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን ሰብስበው ተመልሰው ተቀመጡ። ይቅርታ አላሉም፤ እንዲህ ያለ ሰው ይቅርታ አይልም። «ሰውዬው አልሻረም፣ ተሳሳተ» አሉ ለአባ ቴዎፍሎስ። «የሚበቃውን ይስጡት፣ እኔ አልካሰስም።»

አባ ቴዎፍሎስ ይግዛውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ይበልጥ ያዩት እጁን ነው። አርባ ስግደት ሰጡት። ቀጥለው ሌላ ነገር ጨመሩ። «ከዛሬ ጀምረህ ሰባት ቀን ማጭድም፣ መጥረቢያም፣ ገመድም አትይዝም። ቤትህ ትቀመጣለህ። ገብስህን አገሩ ያጭደዋል። በዓል የሻርኸው በአንድ ቀን አይመስለኝም፤ ሦስት ዓመት ነው የሻርኸው።»

ይግዛው ከእሳት ከውሃ መለየትን ተዘጋጅቶበት መጥቶ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። በአጨዳ ወር ሰባት ቀን ቁጭ ማለት! ከዚህስ ግዝቱ አይሻልም ወይ ብሎ ሊጠይቅ ምንም አልቀረው።

የመጀመሪያውን ቀን ከበሩ ኋላ ቆሞ ዋለ። ከሸጡ የአጫጆቹ ዜማ ሲመጣ እያንዳንዱ ስንኝ ለጋሚ የሚል መሰለው። ስጦታ መደቡ ላይ ጀንዲ አንጥፋ፣ «ተቀመጥ» አለችው፤ ተቀመጠ፤ ወዲያው እንደ እሳት ፈጅቶት ተነሣ። ማገዶው፣ በረቱ፣ የበቅሎዋ ኮርቻ፣ ሁሉም ከየጥጉ ይጣራል። በቅሎ የመንዳት ተራው ያልፋል፣ ድርቆሽ ሳይገባ ዝናብ ይመጣል፣ አውድማው ሳይለቀለቅ ይቀራል፤ እንዲህ እያለ ሲያስብ ላብ በላብ ሆነ። ሁለተኛው ቀን የኅዳር ጽዮን በዓል ባይሆን ይብስ ነበር ብሎ ራሱን አጽናና። ስጦታ አላባበለችውም። አንድ ጊዜ ብቻ እጁን ይዛ፣ ባዶውን እጅ፣ መንቀጥቀጡ እስኪበርድ ድረስ ጉልበቷ ላይ አቆየችው።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሳለ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ በድንጋጤ ዘሎ ተነሣ። ምን እንደጠፋ ለማየት ዞረ። ምንም አልጠፋም። ጣራው አለ። ላሚቱ ታመሰኳለች። ስጦታ ከደጅ ሽምብራ ትለቅማለች። እሱ ተኝቶ ሳለ ዓለም ያለ እሱ ስትሠራ ውላለች፤ ይህ ትንሽ አስከፋው፣ ትንሽ ደግሞ አሳረፈው።

በአምስተኛው ቀን የሸጡ ነዶ ሁሉ ተከምሮለት እንደነበር ስጦታ ነገረችው። ካጨዱት መሐል አባቷም ነበሩ። ምን አሉ ብሎ ጠየቃት። ሃያ እፍኝ ቆሞ የተተከለ ገብስ ሲያገኙ ለረጅም ጊዜ አይተውት በእጃቸው አንድ በአንድ ነቀሉት እንጂ ምንም አላሉም አለችው። ይግዛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያቺን «እሰይ» ለማንም አልነገረም፤ ለአባ ቴዎፍሎስ ለብቻቸው እስኪነግራቸው ገና ትቆየዋለች።

ሰባቱ ቀን አለቀ። በማግሥቱ ማለዳ ከመደቡ ዘሎ ተነሣና ማጭዱን ከተሰቀለበት አወረደ። ሌላ ቀሪ ማሳ አለው፤ እግሩ ደጁን ሊሻገር ነበር። ከዚያ ቆመ። ስልኩን ለማውጣት ኪሱን ዳሰሰና ተወው። ወደ ጓዳው ዞረ።

«ስጦታ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

ዝም አለች። ያለችውን ቃል አልረሳችም። እሱም የዝምታዋ ምክንያት ገብቶት ቆሞ ጠበቀ።

«ከአፍሽ ይውጣ ግድ የለም» አላት። «ቁጥሩ አንቺው ዘንድ ይሁን።»

«ሃያ ሰባት» አለች። «መድኃኔዓለም ነው።»

ማጭዱን መልሶ ሰቀለው። ስምንተኛውን ቀን ማንም አላዘዘበትም። ከቤት ቢውል ባልከፋ፤ መቀመጫ ዱካውን ይዞ ወጣና ደጁ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው መጣ። ድረስ አየው፣ አለፈ። ገዱ እጅ ነሣው። ከሁሉ ኋላ ያ ካፖርት በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አለ።

ጋሼ አሻግሬ ደጁ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ይግዛው እንደ ደንቡ ሊነሣላቸው ብድግ ማለት ጀመረ። ሽማግሌው በያዙት ዘንግ ትከሻውን ቀስ አድርገው ወደ ታች ያዙት።

«ተቀመጥ» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይግዛው ቃሏን አልረሳም፣ የሚረሳም አይመስለውም። ግን ተቀመጠ። ካፖርቱ ከመታጠፊያው ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ሳቅ ሊሰማ ጆሮውን ቀስሮ ጠበቀ፤ የሰማው ከጓዳ ስጦታ ዕቃ ስታነሣ ስትጥል ብቻ ነው። እጁን አየው። ጉልበቱ ላይ፣ ባዶውን፣ ተኝቶ ነበር።